ኩፍኝ እሁድ ገበያ ይወጣል፤ ክትባቱስ?

ኮሮና የመጣ ሰሞን ሁላችንም የተላላፊ በሽታ ሊቅ ሆነን ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለ «ንክኪ»ና ስለ «ርቀት» የማያወራ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ባንክ በር ላይ ውኃና ሳሙና ቆመ፤ ሰላምታችን እንኳ ከእጅ ወደ ክርን ዞረ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ሲነገር ስልካችን በማስጠንቀቂያ ተጨናነቀ። ይህን የምናነሳው ለመቀለድ አይደለም። መፍራቱ ተገቢ ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ኩፍኝ ሲገባስ ለምን አንፈራም?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መግለጫ፣ ከነሐሴ 2021 እስከ ግንቦት 1 ቀን 2023 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ 16,814 ሰዎች ኩፍኝ እንደያዛቸው በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ 182 ሞተዋል። በ2021 የተረጋገጠው 1,953 ነበር። በ2022 ወደ 9,291 ዘለለ፤ አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ እንግዲህ ናሙናው ተወስዶ፣ መንገዱ ተከፍቶለት፣ ላቦራቶሪ ደርሶ የተመዘገበው ነው። ጤና ኬላ ሳይደርስ፣ ደረቱ እየተንኳኳ፣ በእናቱ ጀርባ ላይ እንዳለ ያለፈው ሕፃን እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ታዲያ በየማታው መግለጫ የሰጠን ማን ነው? ማንም። ለምን ቢሉ፣ ከሞቱት አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን አይሰለፍም፣ አይመርጥም፣ ፌስቡክ የለውም። የሕፃኑ አባትም ብዙ ጊዜ የለውም።

ከጉንፋን እስከ ዓይነ ስውርነት

ብዙ ከተሜ ኩፍኝን የልጅነት ወግ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ሽፍታ ይወጣል፣ ልጁ ጥቂት ቀን ጨለማ ቤት ይተኛል፣ ቡና ይፈላል፣ ያልፋል። የድሮ ሰዎች ግን እንዲህ አላቀለሉትም። ኩፍኝ ያላለፈለትን ልጅ ከልጅ አይቆጥሩም ነበር ይባላል። እነሱ የሚያውቁትን እኛ ረሳነው፤ የረሳነውም የእኛ ሰፈር ልጆች ስለተከተቡ ነው።

እስቲ እናስታውስ። ኩፍኝ ከምናውቃቸው በሽታዎች ሁሉ በመተላለፍ የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ታማሚ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ መተላለፍ መጀመሩ ነው። ማለትም እናትየው ልጇ ላይ ትኩሳት፣ ሳል፣ የቀላ ዓይንና የሚንጠባጠብ አፍንጫ አይታ «ጉንፋን ነው» ባለችበት ሰዓት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

የሚገድለው ሽፍታው አይደለም። ኩፍኙ የከፈተውን በር ተከትለው የሚገቡት ናቸው፦ የሳንባ ምች፣ ከባድ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም የአንጎል ብግነት። ከአምስት ዓመት በታች ያለና በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ነው ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን በተከታታይ እንዲሰጥ የሚታዘዘው። ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሚያተርፈው ግን ዓይንና ሕይወት ነው።

ተረፈ የተባለውም ልጅ በነፃ አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሆላንድ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ ነበር። በሽታው ልጆቹ ከዚያ በፊት በሌሎች ተሕዋስያን ላይ ካካበቱት የመከላከያ አቅም ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን ጠርጎ ወስዷል። ሰውነት የሚያውቃቸውን ጠላቶች ይረሳል ማለት ነው። ሆላንድ ያለ ልጅ ይህን መልሶ የሚገነባው በንጹሕ ውኃና በጥሩ ምግብ ነው። ድርቅ ባጠቃው ቆላ ያለ ልጅ በምን ይገነባዋል?

እህል ብቻውን አያድንም

ይህን ትምህርት ኢትዮጵያ በመከራ ነው የተማረችው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ሰው እርዳታ ፍለጋ በሺህ እየሆነ መጠለያ ውስጥ ሲታጎር ሕፃናቱን የጨረሰው ባዶ ሆድ ብቻ አልነበረም፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ነበሩ። ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አካል የሆነችው ባቲ ከእነዚያ ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ ነበረባት።

በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ጎዴ ላይ ተደገመ። ያንን ጊዜ ያጠኑ ባለሙያዎች በኋላ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በዳሰሳቸው ከተመዘገቡት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ሞት 22 በመቶው ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከከባድ የምግብ እጥረት ጋር ተዳምሮ ያመጣው መሆኑን አሳይተዋል። ከአምስት ሟች ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እርዳታ ሰጪው ስንዴ በኩንታል ሲቆጥር፣ ጥቂት ፍሪጅና ብልቃጥ ቀድሞ ቢደርስ ብዙ ልጅ በዳነ ነበር። ሰውን ለእርዳታ አንድ ቦታ ሰብስቦ ክትባቱን ማዘግየት በሽታውን ግብዣ መጥራት ነው።

ይህን ያነሣነው ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ አማራ ስንት ጊዜ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደታጎረ አንባቢያችን ያውቃል። ኩፍኝ የሚወደው ሁኔታ ይህ ነው።

«የግንዛቤ ማነስ» የሚባል ማምለጫ

አሁን ወደ ሰንበቴ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ አጣዬ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ከሚሴ መቀመጫው በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ በገበያ ስማቸው የገነነ ሁለት ከተሞች አሉ፦ ባቲ በሰኞ ገበያዋ፣ ሰንበቴ በእሁድ ገበያዋ። እሁድ ሰንበቴ ላይ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ይገናኛል። እናቶችም ይመጣሉ፣ ልጅ በጀርባቸው አዝለው።

የበሽታ ነገር የገባው ሰው ይህንን ገበያ ሲያይ ሁለት ነገር ማየት አለበት። አንደኛ፣ ኩፍኝ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሃያ ቀበሌ በአንድ ቀን ሊበተን የሚችልበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንቱ ውስጥ ማንም ሳይጠራቸው ሕፃናት በብዛት የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ቫይረሱ ያውቃል። ሁለተኛውን እኛ ልናውቅ አልፈለግንም።

ወረርሽኝ በገባ ቁጥር የምንሰማው ቃል ግን አንድ ነው፦ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ»። ይህቺ ሐረግ እንዴት ያለች ምቹ ትራስ ናት! ማንንም አታስጠይቅም፤ በጀት አትጠይቅም፤ ጥፋቱን አንሥታ እናትየው ጀርባ ላይ ልጇ አጠገብ ታዝለዋለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ወርክሾፕ ማዘጋጀት፣ ባነር ማሠራትና አበል መክፈል ነው።

ግንዛቤ ችግር አይደለም አንልም። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» የሚል እምነት በብዙ የአገራችን ክፍል አለ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ተብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄድ የሚቀር አለ። ይህንን በቋንቋው፣ በሚያምናቸው ሽማግሌዎችና በሃይማኖት አባቶች በኩል ማስረዳት ያስፈልጋል። ግን እስቲ አምና፣ ፈልጋ፣ ልጇን አዝላ የመጣችውን እናት ምን እንደምናደርጋት እንይ።

የብልቃጡ ነገር

የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ ሲፈለግ በራሱ ፈሳሽ ይበጠበጣል። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ብልቃጥ ለአሥር ልጅ የሚበቃ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ መደፋት አለበት። ከዚያ ወዲያ ማቆየት አደገኛ ነው።

አሁን ራሳችሁን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦታ አድርጉ። አንዲት እናት ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን ይዛ መጣች። አንድ ልጅ ብቻ ነው። ብልቃጡን ብትከፍቺ ዘጠኝ ልጅ የሚከትበው ይደፋል። ወር ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ይመጣና «ይህን ያህል ክትባት ለምን አባከንሽ?» ይልሻል። «ያ ልጅ ሳይከተብ ለምን ተመለሰ?» የሚልሽ ግን የለም፤ የተመለሰ ልጅ የሚጻፍበት ዓምድ ቅጹ ላይ የለማ። ስለዚህ ምን ትያለሽ? «እናቴ፣ ሌላ ልጅ ሲሰባሰብ ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ ማለት ለዚያች እናት ሌላ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሐሙስ ጎመን ይቆረጣል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ውኃ ይቀዳል። ምናልባት ትመጣለች። ምናልባት ስትመጣ ሠራተኛዋ ስብሰባ ተጠርታለች። ሦስተኛ ጊዜ አትመጣም። እኛ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆነን «ግንዛቤ የላትም» እንላታለን። ሁለት ጊዜ በእግሯ የመጣችን ሴት!

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ አንድ ልጅም ቢመጣ ብልቃጡ ይከፈት። ምክንያቱም የአንድ ልጅ የኩፍኝ ክትባት ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ነው። ዘጠኙ ቢደፋ እንኳ አንድ ልጅ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ከሚያስወጣው ጋር አይወዳደርም። ቦሌ ላይ ሁለት ጓደኛሞች ማኪያቶና ኬክ ከሚከፍሉት ሒሳብ ጋር ብናነጻጽረው ደግሞ እናፍራለን።

እሁድ ሰንበቴ ላይ ደግሞ ይህ ጣጣ ራሱ የለም። አሥር ልጅ ለመሰብሰብ ሐሙስን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ አሥር ይገኛል። ግን የመሥሪያ ቤት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። አገር በገበያ ቀን ይኖራል፣ ቢሮ በካላንደር ይኖራል። ሁለቱ ሳይገናኙ ልጅ ይሞታል።

የዘጠና በመቶ አገር

በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ልጆች የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 59 በመቶ ነበሩ። መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት 43 በመቶ ብቻ። አዲስ አበባ 83 በመቶ፣ አፋር 20 በመቶ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት! የኩፍኝን መተላለፍ ለመግታት ደግሞ 95 በመቶው ልጅ ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት። በዘጠኝ ወሩ የሚሰጠው አንዱ ክትባት ከመቶ ልጅ ወደ 85 ያህሉን ነው የሚከላከልለት። ለዚህ ነው በ2011 ዓ.ም. በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት የተጀመረው።

ከወረዳ የሚመጡ ሪፖርቶች ግን ብዙ ጊዜ ከዘጠና በላይ ሲሉ ኖረዋል። ቤት ለቤት ሲቆጠር 59፣ በወረቀት ሲደመር ዘጠና ምናምን። በመሐል ያሉት ልጆች የት ሄዱ? ወረቀት ላይ ተከትበዋል፣ ቤታቸው ግን ኩፍኝ ይጠብቃቸዋል። የውሸት ሪፖርት ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ላይ ሰው ይገድላል። ዘጠና በመቶ ተከትቧል የተባለ ወረዳ ተጨማሪ ክትባት አይላክለትም፣ ተጨማሪ ሞተር ሳይክል አይገዛለትም።

ሌላም ነገር አለ። ክትባት የሚመዘገበው በቀበሌ ዕቅድ ነው። ከአፋር በረሃ ከብት ተከትሎ የመጣ ቤተሰብ ልጁ ሰንበቴ ላይ ቢከተብ የማን ቁጥር ውስጥ ይገባል? የማንም። የማንም ቁጥር ያልሆነ ልጅ የማንም ሥራ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ 917 ሺህ ያህል ሕፃናት የመጀመሪያዋን መደበኛ ክትባት እንኳ አላገኙም። በባለሙያዎች ቋንቋ «ዜሮ ዶዝ» ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ የማንም ልጆች እንበላቸው?

«ዘመቻ እየተካሄደ አይደል እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ ይመስገን። ኮሮና በጦፈበት በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከ14 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተከትበዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ያለመ ዘመቻ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ ባርኔጣ እናነሣለን። ግን ሕፃን በዘመቻ አይወለድም። ዘመቻው ባለቀ ማግስት የተወለደው ልጅ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ድንኳኑ ተነቅሏል፣ መኪናው ሄዷል፣ የቀረችው ያቺ አንዲት ሠራተኛና ያ አሥር ልጅ የሚጠብቅ ብልቃጥ ናቸው።

እሷንም አንርሳት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቶ ዓለም ያደነቀው ሥራ ሠርቷል። እነዚህ ሴቶች በእግር ተራራ ወጥተው፣ በደመወዝ ኑሮ ተጎድተው፣ ጦርነት መሐል ሠርተው ነው እዚህ ያደረሱን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ውስጥ እስር ጭምር ነበረበት። ከዚያ በኋላ «ተነሣሽነት ይጎድላቸዋል» ማለት ድፍረት ነው።

ለሳጥኗ መንገድ ልቀቁ

ይህ አካባቢ ያየውን መከራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ተቃጠሉ፤ ከዚያም ከዚህም ወገን ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን አልፎ እስከ ሰሜን ሸዋ ወረደ። ጤና ጣቢያ ተዘረፈ፣ ፍሪጅ ተነቀለ፣ አምቡላንስ ተወሰደ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። መንገድ ሲዘጋ የሚቆመው አውቶቡስ ብቻ አይደለም። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ያለባት የክትባት ሳጥንም ትቆማለች። በረዶዋ ሲቀልጥ ዋጋዋ አበቃ።

የማን ጥፋት ነው ብለን ዳኝነት ልንቀመጥ አልመጣንም፤ ያንን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን። አሁን የምንለው አንድ ነገር ነው። ኩፍኝ አጣዬ ላይ አማራ፣ ሰንበቴ ላይ ኦሮሞ፣ ዱላሳ ላይ አፋር አይልም። መታወቂያ አይጠይቅም። አንዱ ቀበሌ ሳይከተብ ሌላው አይድንም። የጠላትህ ልጅ አለመከተቡ ያንተን ልጅ ይገድለዋል። ከዚህ በላይ የጋራ ጉዳይ ከየት ይመጣል?

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤል ሳልቫዶር በከባድ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ዩኒሴፍና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስታርቀው መንግሥትም ሽምቅ ተዋጊዎችም በዚያ ዓመት ሦስት ቀን ተኩስ እንዲያቆሙ ተስማሙ። ሦስት ቀን ብቻ! ልጅ እንዲከተብ። ጦርነቱ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጠለ፤ የክትባት ቀኖቹ ግን በየዓመቱ ተከበሩ። እነሱ ከቻሉ ሽምግልናን ለዓለም አስተማርን የምንል እኛ እንዴት ያቅተናል? ይህ አገር እኮ የሽማግሌ፣ የአባ ገዳ፣ የቃዲ፣ የቄስ አገር ነው።

ለእኛ ትውልድ ደግሞ ጥቂት ቃል

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ክትባት ያመክናል»፣ «ነጮቹ ሊጨርሱን ነው» የሚል ቪዲዮ የምታዞሩ ወጣቶች፣ እናንተን ነው። ቪዲዮውን ቦሌ ቁጭ ብሎ የሚያዞረው ልጅ ራሱ ተከትቦ ያደገ ነው። ጣጣው የሚደርሰው ሌላ ሰው ቤት ነው።

ሳሞአ የምትባል ትንሽ የደሴት አገር አለች፤ ሕዝቧ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሕፃናት ከክትባት በኋላ ሞቱ። ምክንያቱ ክትባቱ አልነበረም፤ ነርሶቹ ዱቄቱን በተሳሳተ መድኃኒት በጥብጠውት ነው። ግን ወሬው ሮጠ፣ ክትባቱም ለወራት ተቋረጠ፣ ወላጅ ፈራ። በ2019 ኩፍኝ ሲገባ 83 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ። በመጨረሻ መንግሥት ሥራ ዘግቶ ቤት ለቤት መከተብ ጀመረ፤ ያልተከተበ ሰው ያለበት ቤት ደጁ ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲሰቅል ታዘዘ። «እነሱ ደሃ ስለሆኑ ነው» እንዳትሉ፤ ካናዳም ኩፍኝን አጥፍታለች የሚለውን ስሟን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ተነጥቃለች።

እኛ የምንጠይቀው

«አይቻልም» ለሚሉን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተቋቋመው ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ በጥር 1963 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዝግቦ ነበር። መንገድ አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም፣ በመሐል አብዮት ፈነዳ። ከታቾቹ ግን በእግርና በበቅሎ ሄደው፣ በሽታው ባለበት ደርሰው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻውን ታማሚ አገኙ። ከታቾቹ ወደ ሰው ሄዱ እንጂ ሰው ወደ እነሱ አልተጠራም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን።

አንድ፦ አንድ ልጅ ቢመጣም ብልቃጡ ይከፈት። ክትባት አባከንሽ ተብላ የምትጠየቅ ሠራተኛ አትኑር፤ የሚጠየቀው ልጅ የመለሰ ይሁን።

ሁለት፦ እሁድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰኞ ባቲ ላይ፣ የዘመቻ ሰሞን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ ክትባት ይሰጥ። እሁድ የሠራች ሠራተኛ የትርፍ ሰዓቷ ይከፈላት። «ገበያ መሐል ሕፃን መሰብሰብ በሽታ አያስተላልፍም ወይ?» ለሚል መልሳችን አጭር ነው፦ ሕፃናቱ እኛ ብንከትብም ባንከትብም እዚያው ናቸው።

ሦስት፦ ገበያ የመጣ ልጅ ከየትም ይምጣ ይከተብ፣ ካርድ ይሰጠው፣ ይቆጠር። «የእኛ ቀበሌ አይደለም» የሚባል መልስ ይቅር።

አራት፦ ወረዳዎች ከዘጠና በላይ ስላሉ አይሸለሙ። ያልተከተበ ልጅ ፈልጎ ያገኘ ወረዳ ይሸለም።

አምስት፦ መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን፣ የክትባት ሳጥን የያዘች ሴት ስትመጣ መንገድ ይልቀቅ።

የኩፍኝ ክትባት ከተፈቀደ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከእኛ ይበልጣል፤ ከብዙዎቻችን ወላጆችም ጋር እኩያ ነው። ስድሳ ዓመት ያስቆጠረ መድኃኒት እያለ በኩፍኝ የሚሞት ልጅ በበሽታ ሞተ አይባልም፤ ሳንደርስለት ሞተ ነው የሚባለው። ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ ካርዱን አውጥታችሁ የዘጠኝ ወሩንም የአሥራ አምስት ወሩንም እዩ። ልጅ የሌላችሁ ደግሞ የክልላችሁን ወኪል፣ የጤና ቢሮ ኃላፊውን፣ የሚያውቃችሁን ሹም አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ እሁድ ሰንበቴ ላይ ማን ይከትባል?

ቸር ያሰማን።